እሑድን መጠበቅ ያቃታት የወተት ጥርስ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ሳትዋሹ መልሱልኝ፤ አፋችሁ ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እንደማታውቁ አውቃለሁ። ሰው ጎረቤቱ ስንት መኪና እንዳለው ያውቃል፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ያውቃል፣ የገዛ አፉን ግን አያውቀውም። እኔም እስካለፈው ግንቦት ድረስ አፌን የማውቀው ስበላበትና ስከራከርበት ብቻ ነበር።

የኔ ደግሞ ይባስ። ሜሪላንድ ስኖር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ጉንጬ አብጦ ያየኝ ሁሉ “ማን መታህ?” ማለት ሲጀምር ነው። ያመመኝን ነቅለው “በየስድስት ወሩ እየመጣህ ታይ” ብለው ሸኙኝ። አልተመለስኩም። ያልታመመ ጥርስ ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ ነገር ፍለጋ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ላይ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ላንግሊ ፓርክ የሚመላለስ አውቶቡስ እነዳለሁ። በረዶ የቦረቦረው መንገድ እስከ ግንቦት ሳይጠገን ቆይቶ ነበርና፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ስል በግራ በኩል የላይኛው ጥርሴ ንቅንቅ አለ። ምላሴን ላክሁ። እውነትም ይነቃነቃል። ምላስ ደግሞ የሚነቃነቅ ጥርስ ካገኘ ሌላ ሥራ የለውም፤ ፌርማታ ላይ ይገፋል፣ መብራት ላይ ይገፋል። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ በመስታወቱ አይተውኝ “አር ዩ ኦኬይ?” አሉኝ። ለካ ጉንጬን ወጥሬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሟ ዶክተር ሳምራዊት ትባላለች፤ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች የኛው ልጅ ናት። “ጋሼ” ብላ ታከብረኝና ወዲያው “አንተ” ብላ ታወርደኛለች፤ ወላጆቿ ጋሼን አስተምረዋት አንቱን ሳይደርሱበት ትምህርት ቤት የገባች ይመስለኛል።

“ጋሼ፣ ሪላክስ አድርግ። አፍህን ዋይድ ክፈትልኝ” አለችኝ።

ጥርሶቼን አንድ በአንድ በብረት እየነካካች ለረዳቷ ቁጥር ትጠራለች። የምትነቃነቀዋ ዘንድ ስትደርስ ቁጥሩ ጠፋት። “ዌይት” አለች። ራጅ አነሳችኝ። ስክሪኑን ወደኔ አዞረችና ፈገግ አለች፤ ሐኪም ራጅ አይቶ ፈገግ ሲል ደግሞ በጣም ያስፈራል።

“ጋሼ፣ ይሄ ቤቢ ቱዝ ነው።”

“የማን?” አልኳት።

“ያንተ ነዋ። የወተት ጥርስ። አልወለቀም፤ ላይክ፣ ኔቨር።”

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሪህ አለብኝ፣ የማንበቢያ መነጽር አለኝ፣ ራሴ ላይ የቀረውን ፀጉር በስም እጠራዋለሁ። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንዲት የወተት ጥርስ ከኔ ጋር ውትድርና ሸሽታ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ዲቪ ደርሷት፣ ሜሪላንድ ወርዳ፣ ሳልፈቅድላት አብራኝ ትኖራለች።

“ታዲያ ትልቁ የት ሄደ?” ስላት በጣቷ አሳየችኝ። ክራንቻ ሆኖ መውጣት የነበረበት ጥርስ ድዴ ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል። መንገድ ስቶ እዚያው የቀረ ነው አለችኝ። እኔ ሦስት ደቂቃ ስዘገይ ሱፐርቫይዘሬ ወረቀት ያስሞላኛል፤ አፌ ውስጥ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሥራ ያልገባ ሠራተኛ ተኝቷል፣ የጠየቀውም የለም።

ዶክተሯ ነገሩ ደስ ብሏት ማብራራት ጀመረች። አንዳንድ ሰው ትርፍ ጥርስ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይበቅልለትም፤ የአንዳንዱ ሁለት ጥርስ ተጣብቆ ይወጣል፤ የአንዳንዱ ደግሞ ትንሽና ሾጣጣ ይሆናል። እሷ በእንግሊዝኛ ስም ስትሰጣቸው እኔ ደሴ ደርሼ አራተኛ ክፍል ተቀምጫለሁ። ይሄ ሁሉ እኮ ክፍላችን ውስጥ ነበር። ሲስቅ ከንፈሩ ሥር ሁለተኛ ረድፍ ጥርስ የሚታየው ሰይድ ነበር፤ ትርፉን ያሳየን ዘንድ ባቄላ እንከፍለው ነበር። ፍንጭቷ ያማረ እቴነሽ ነበረች፤ እሷን ለማሳቅ ስንት ጊዜ ከዛፍ ወድቄያለሁ። አንድም ቀን “ይሄ ችግር ነው” ያለን ሐኪም አልነበረም። ገጣጣውን ገጣጣ ብለን ሰድበን፣ ፍንጭቷን አፍቅረን አደግን፤ አሁን ሳስበው ልቤን ደስ ይለዋል።

“አሁን ባይትህን ልይ” አለች። “ንከስ።”

ነከስኩ።

ጥርስ ሲገጥም ሦስት ዓይነት ነው አለችኝ። የላይኛውና የታችኛው ትልልቅ መንጋጋ ጥርሶች በልካቸው ከገጠሙ ክላስ ዋን ይባላል። የታችኛው ወደ ኋላ ከቀረ ክላስ ቱ። የታችኛው ወደ ፊት ከቀደመ ክላስ ስሪ።

“አንተ ክላስ ስሪ ነህ።”

“ከስንት?”

“ከሦስት።”

የትምህርት ቤት ነገር ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ደረጃ አይደለም፣ በዘር የሚወርድ ነው ብላ አጽናናችኝ። እሱስ እውነት ነው። የእናቴ ወገኖች በሙሉ አገጫቸው ከነሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ወንድሞቿ ለቅሶ ቤት በረድፍ ሲቀመጡ ከጎን ለሚያያቸው የተከፈተ መሳቢያ ይመስሉ ነበር። በዘመዶቼ አገጭ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

“ጋሼ፣ የወተት ጥርሱ ሥር አልቋል። ዛሬ ላውጣልህ? ሁለት ደቂቃ ነው።”

“ቆይ፣ መጀመሪያ ለእናቴ ልደውል።”

ልጅቷ ጓንቷን እንዳጠለቀች ቀረች። ለሷ ያላስረዳሁትን ለናንተ ላስረዳ።

እናቴ ደሴ ቴሌ ውስጥ ስልክ አገናኝ ነበረች። ጥርሶቼን ሁሉ በክር የነቀለችው እሷ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ወደ አሰብ ተዛወረች። ለስድስት ወር ነው ተባለች፤ ሙቀቱ ለልጅ አይሆንም ብለው እኔን አክስቴ ዘንድ አስቀሩኝ። አውቶቡስ ተራ ስንሰነባበት በአውራ ጣቷ ከንፈሬን ገልጣ አየችና፣ “ይቺ የግራዋ ልትነቃነቅ ነው፤ ማንም እንዳይነካት፣ እኔ መጥቼ እነቅልልሃለሁ” አለችኝ። ባቲን አልፎ ወደዚያ በረሃ የሚወርደው አውቶቡስ ይዟት ሄደ።

እኔ ደግሞ ቃሉን ገልብጬ ያዝኩት። ጥርሷ ስትነቃነቅ እናቴ ትመጣለች ብዬ አመንኩ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ በምላሴ እገፋታለሁ። አልነቃነቅ አለች። አክስቴ ለምን እንደማለቅስ ስትጠይቀኝ፣ “ጥርሴ እምቢ ስላለች ነው እማዬ የማትመጣው” አልኳት። ሥሯን የሚገፋ ጥርስ እንደሌለ ያን ጊዜ ማን ይንገረኝ?

ስድስት ወሩ አምስት ዓመት ሆነ። እናቴ ስትመለስ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ጢም ቢጤ ጀምሮኛል፣ ድምፄ ጎርንኗል። በር ላይ ቆሜ “ደህና ገቡ?” አልኳት። የገዛ እናቴን አንቱ አልኳት። ሳመችኝና ዕቃዬን ላስገባ ብላ ጓዳ ገባች፤ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። ከሳምንት በኋላ ወደ አንቺ ተመልሻለሁ። ስለ ጥርሷም ስለ አምስቱ ዓመትም ግን ሁለታችንም አንስተን አናውቅም።

እንግዲህ ከሐኪሟ ወንበር ላይ ሆኜ ደወልኩ። እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድርያ፣ ከእህቴ ከሙሉ ጋር ትኖራለች። ነገሩን ነገርኳት።

“የግራዋ ናት?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ማንም እንዳይነካት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና።”

“እማዬ፣ እዚህ እኮ ሐኪሟ አለች፤ ሁለት ደቂቃ ነው።”

“ሐኪሟ እናትህ ናት?”

ይሄን ዶክተር ሳምራዊትም ሰማችው። ጓንቷን አወለቀች። “ኦኬይ ጋሼ። ባት፣ ሃርድ ነገር አትብላ። ደግሞ እንዳትውጣት” ብላ ሸኘችኝ።

ማክሰኞ ነው። እሑድ ድረስ ያቺን ጥርስ ከነቦታዋ አሌክሳንድርያ ማድረስ አለብኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አጓጉዤአለሁ፤ እንደዚህ ያስጨነቀኝ ጭነት የለም። እናቴ በሕይወት ሳለች ልትፈጽመው የቀራት ይሄ አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ከድምፅዋ ገብቶኛል።

ረቡዕና ሐሙስ አውቶቡሱን እርጉዝ ሴት እንደጫነ መኪና ነዳሁት። ጉድጓድ ሳይ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ተሳፋሪው ሰዓቱን ያያል። ምሳዬ በቴርሞስ የያዝኩት አጥሚት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ማን ወለደ?” አለኝ። ምላሴን ደግሞ በግድ ወደ ቀኝ አሰደድኩት፤ እሱ ግን ትንሽ ዘወር ስል ሹልክ ብሎ ይመለሳል።

ቅዳሜ ባሰ። ሀያትስቪል የጓደኛዬ ልጅ ምርቃት አለ። እንድቀር ዝምድናው አይፈቅድም፣ እንዳልበላ ባለቤቲቱ እትዬ ዘነቡ አይፈቅዱም። ጥግ ይዤ ቲማቲም ፍትፍት እየቀማመስኩ ሳለ እጃቸውን ታጥበው፣ ጥብሱን በሁለት ድርብ እንጀራ ጠቅልለው መጡ።

“እትዬ፣ ጥርሴን አሞኛል” አልኳቸው።

“ጥርስ ያመመው ሰው ነው እንዴ እንዲህ የሚያወራ? በል ክፈት።”

ጉርሻ እምቢ ያለ ሰው ከዚያ ቤት ዳግመኛ እንደማይጠራ ታውቃላችሁ። ከፈትኩ። ለማኘክ ብሞክር ጥርሷን አጣለሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ዋጥኩት። ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ ዘነቡ አይተው ለተሰበሰበው ሰው፣ “አያችሁ፣ የልጅቷ ምርቃት እንዴት ሆዱን እንዳባባው” አሉና፣ “አንድ ያጣላል” ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ። በሁለተኛው እውነትም አለቀስኩ። ልጅቷም መጥታ አቅፋኝ “ታንክ ዩ ሶ ማች” አለችኝ። ጥርሷ ግን አልተነካችም።

እሑድ ደረሰ። ቀኑ ብራ ነው፣ መኪናዬ ታጥባለች፣ ጥርሷ በቦታዋ አለች። ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዤ ወደ ወንዙ ድልድይ ስቃረብ መንገዱ ተዘጋጋ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። መኪናዬ ውስጥ፣ ሌላው ሰው ቡናውን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። መንገድ ሲዘጋ እጄ ሳያማክረኝ ይሄዳል። አምስት ቀን ሙሉ አጥሚት ጠጥቼ፣ ሁለት ጉርሻ ሳላኝክ ውጬ፣ ድልድዩ ላይ እንደቆምኩ ገብሱን ከሱፉ ጋር ዘግኜ አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ቀጭ አለ። ገብስ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳላምጥ ምላሴ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሄደና ባዶ ቤት አገኘ።

ያለኝን ሁሉ መዳፌ ላይ ተፋሁት። አስቡት፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ ገብስ ከጥርስ እለያለሁ። ገብሱም ነጣ ያለ ነው፣ እሷም ነጣ ያለች ናት። ሁለት ጊዜ ሱፍ መስላኝ በመስኮት ልጥላት ነበር። በመጨረሻ አገኘኋት። ከገብስ ብዙም አትበልጥም። ደሴ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አምስት ዓመት የገፋኋት፣ እምቢ ያለችኝ እሷ ናት፤ አሁን ግን ሃያ ደቂቃ መጠበቅ አቃታት። እንደ ሕፃን ሆድ ባሰኝ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። የእናቴ ፊት ታየኝና አልቻልኩም። ከድልድዩ እንደወረድኩ ፋርማሲ ገባሁና ሽማግሌዎች ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን የሚያጣብቁበትን ቅባት ገዛሁ። መኪናዬ ውስጥ በመስታወት እያየሁ ተከልኳት። ለካ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙሬ ነው። ነቀልኩ፣ ቀባሁ፣ አዙሬ ተከልኩ። ያዘች። ወረቀቱ አፍህን አምስት ደቂቃ አትክፈት ይላል፤ እኔ እህቴ በር እስክደርስ አልከፈትኩም።

“ምነው ዝም አልክ?” አለችኝ ሙሉ በሩን ከፍታ። በአንገቴ ሰላም አልኳት።

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ከቤተ ክርስቲያን የመጣችበትን ነጠላ አላወለቀችም። ፊቷ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ክር፣ ጥጥና አልኮል ተሰናድቷል። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባለች።

“እማዬ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ ክሩን እኔ ልሰርልሽ” አለቻት ሙሉ።

“አንቺ የልጆችሽን ንቀይ። በስልክሽ አብሪልኝ።”

ተንበርክኬ ራሴን ጉልበቷ ላይ አስደገፍኩ። ሪሄ ጮኸ፤ ዝም አልኩት። አውራ ጣቷ ከንፈሬን ገለጠ። ክሩ ሦስት ጊዜ አመለጣት፣ በአራተኛው ታሰረ። የእናቴ ብልሃት ያው የድሮው ነው፤ አንድ ጥያቄ ትጠይቅሃለች፣ ልትመልስ አፍህን ስትከፍት ትስበዋለች። ድሮ የምትጠይቀኝ “ስኳሩን ማን በላው?” ዓይነት ነበር። አሁንም ያንን ስጠብቅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

“አሰብ በነበርኩ ጊዜ፣ አክስትህ ቤት ከፍቶህ ነበር?” አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ክሩን ሳበችው።

ጥርሷ ወጣች። ከኋላዋ ደግሞ ያ ቅባት እንደ ማር እየተሳበ ወጣ። እናቴ ክሩን ከፍ አድርጋ በመብራቱ አየችው። ጥጡን ድዴ ላይ አድርጋ አነሳችው፤ ነጭ ነው። ደም የለውም። አሸተተችው፤ ናና ናና ይላል።

“መቼ ወለቀች?” አለችኝ።

“ድልድዩ ላይ።”

“በምን?”

“በቆሎ።”

ሙሉ ሳቋን ለመያዝ ፊቷን አዞረች፤ መብራቱም አብሮ ግድግዳው ላይ ሄደ። እናቴ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ጥርሷን ከነክሯ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጉንጮቼ ላይ አደረገች። 

“እሷን ተዋት” አለችኝ። “የጠየቅሁህን መልስልኝ።”

አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ይሄን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ያገኘው መልስ “ኧረ ደህና ነበርኩ” የሚል ነው። እሱኑ ልል ነበር። ግን ባዶው ቦታ ላይ ነፋስ ገብቶ ድምፄ ያኔ ደረጃው ላይ የነበረኝን መሰለ።

“ከፍቶኝ ነበር፣ እማዬ።”

“እኔንም” አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አፌን መዝጋት አልቻልኩም። “ሰ” ባልኩ ቁጥር እያፏጨሁ አምስቱንም ዓመት ነገርኳት፤ እሷም የራሷን ነገረችኝ። ሙሉ ያቀረበችው ምሳ ቀዘቀዘ፤ ላሙቀው ብሎ የተነሳ ግን አልነበረም።